ለጥገና ሁለት ዓመት የቆመ ባለካርቡራተር ሞተር ሳይክል በቾክ ብቻ ሲሠራ

ጥያቄ፦ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለአንድ ሲሊንደር፣ 200 ሲሲ ባለካርቡራተር ሞተር ሳይክል አለኝ። ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እንዲቀየር ሞተሩ ተፈትቶ መለዋወጫ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ያህል ቆመ። አሁን ተገጥሞ አልቋል። አዲስ ባትሪ ገዝቼለታለሁ፤ ታንኩ ውስጥ በነበረው ቤንዚን ላይም አዲስ ጨምሬበታለሁ። ቾክ ስስብ ይነሳና ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ቾኩን ስመልሰው ወይም ትንሽ ቤንዚን ስሰጠው ግን ይጠፋል። በካርቡራተሩ አፍ በኩል የማጽጃ ስፕሬይ ነፍቼበታለሁ፤ ለውጥ አላመጣም። ሚኒሞውን (ሞተሩ ቤንዚን ሳይሰጠው የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ ላድርገው ወይስ ሌላ የምፈትሸው ነገር አለ?

ምላሽ፦ ሚኒሞውን ከፍ አያድርጉት፤ ለጊዜው የትኛውንም የማስተካከያ ብሎን ባይነኩ ይሻላል። ሞተር ሳይክሉ ከመቆሙ በፊት በደኅና ይሠራ ከነበረ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የካርቡራተሩ ልክ ቆሞ ሳለ በራሱ ሊዛባ አይችልም፤ የሚለወጠው ቤንዚንና አየር የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ንጽሕና ነው። ቆሻሻ የዘጋውን ቀዳዳ በብሎን ለማካካስ የሚሞክር ሰው፣ ቀዳዳው በኋላ ሲከፈት ልኩ የተዛባ ሞተር ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜም የትኛው ጥፋት ከቆሻሻው፣ የትኛው ደግሞ ከራሱ እጅ እንደመጣ መለየት ያዳግተዋል።

የገለጹት ምልክት ብዙ ይናገራል። በአንዳንድ ካርቡራተሮች ላይ ቾክ የምንለው የአየሩን መግቢያ የሚጋርድ ክዳን ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ ተጨማሪ ቤንዚን የሚያሳልፍ፣ ከሚኒሞው መንገድ የተለየ ቀጭን ቧንቧ ነው። በሁለቱም ዓይነት ውጤቱ አንድ ሲሆን፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ይበዛል። ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያለ ቾክ የሚደርሰው ቤንዚን አንሶታል፣ ወይም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ትርፍ አየር እየገባበት ነው ማለት ነው። ቤንዚን የመስጫውን እጀታ ትንሽ ሲከፍቱት መጥፋቱም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ምክንያቱም እጀታው እስከ ሩብ ያህል እስኪከፈት ድረስ ሞተሩ በአብዛኛው የሚመገበው ከሚኒሞው መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉን፦ አንደኛው የተደፈነ የሚኒሞ ጂግለር (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ባለቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን)፣ ሁለተኛው በካርቡራተሩና በቴስታታው (በሲሊንደሩ ራስ) መካከል ያለ የአየር ሽንቁር። ካርቡራተሩ ቤንዚን እንደያዘ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከሆነ እኔ የምጀምረው ከመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ተፈትቶ የተገጠመ ስለሆነ ሁለተኛውን ችላ ማለት አይገባም።

ወደ ካርቡራተሩ ከመሄድዎ በፊት በቾክ ማስነሳቱን ያቁሙ። በቾክ በተደጋጋሚ ሲነሳ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል፤ ይህ ደግሞ ገና ግድግዳውን ላልለመደ አዲስ ፋሻ ከሁሉ የከፋ ነገር ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም የዘይቱ ከፍታ ከሞሉት በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መርፌ (ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው) በደንብ ስለማይዘጋ ቤንዚን በቆመበት እየፈሰሰ ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዷል ማለት ነው፤ በቾክ ብዙ ጊዜ መሞከሩም የራሱን ድርሻ ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ያለው ዘይት ቀጥኖ ኩሽኔታዎቹን አይጠብቅምና ሳይቀየር ሞተሩ መነሳት የለበትም። ካንዴላው ሳይፈታም ማስነሻውን አይጫኑ፤ ቤንዚን ከፒስተኑ በላይ ተጠራቅሞ ከሆነ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ የፒስተኑን ዘንግ ሊያጎብጥ ይችላል።

ከዚያ ወደ ቤንዚኑ እንምጣ። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም። ቤንዚን ሲቆይ መጀመሪያ የሚተንኑት ቀላሎቹ ክፍሎቹ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ሞተርን የሚያስነሱት ደግሞ እነሱው ናቸው። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫነት ይቀየራል፤ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነም እርጥበት እየሳበ ውኃው ከታች ይጠራቀማል። በላዩ የሚፈሰው አዲስ ቤንዚን ይህን ሙጫ አያጠፋውም፤ ከፊሉን አሟሙቶ አሁን ሊያጸዱት ወዳሉት ካርቡራተር መልሶ ይወስደዋል እንጂ። ታንኩን ሙሉ በሙሉ ያራግፉት፤ ከመጨረሻው ላይ ጥቂቱን በሚያሳይ የመስታወት ዕቃ ቀድተው ለሩብ ሰዓት ያህል ሳይነቀንቁ ያስቀምጡት። ውኃ ካለበት ከታች ራሱን የቻለ ንጣፍ ሠርቶ ከቤንዚኑ ጋር የሚለየው መስመር በግልጽ ይታያል፤ ዝገት ካለበትም እንደ ቡናማ ዱቄት ወለሉ ላይ ይተኛል። ያረጀ ቤንዚን ሽታውም ይለወጣል፤ የቤንዚንነት ጠረኑን ትቶ ኮምጠጥ ያለ የቀለም ጠረን ያመጣል።

የታንኩን ውስጥ በባትሪ መብራት ይዩት። ግማሽ ቤንዚን ይዞ የቆመ ታንክ የሚዝገው በአብዛኛው ከቤንዚኑ በላይ ባለው ባዶ ክፍል ነውና ከታች ብቻ ተመልክተው ንጹሕ ነው አይበሉ። ዝገቱ በጣት ሲነካ የሚራገፍ ከሆነ ታንኩ ሳይታጠብ ካርቡራተሩን ማጽዳት ድካም ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዞ መልሶ ይዘጋዋል። አንድ ነገር አበክሬ ልናገር፦ የተራገፈ ታንክ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናልና ብየዳም ሆነ ማንኛውም የእሳት ፍንጣሪ በአጠገቡ አይኑር። ሩቢኔቱንም (ከታንኩ በታች ያለውን የቤንዚን መክፈቻ) ፈትተው ወንፊቱን ይጠቡት፤ ሲገጥሙት የታንኩ ክዳን ተከፍቶና ተዘግቶ ቤንዚኑ እንዴት እንደሚፈስ ያወዳድሩ። ክዳኑ ሲዘጋ ጅረቱ ቀስ በቀስ ከቀጠነ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ይህ ጥፋት በኋላ መንገድ ላይ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ሞተሩን እያጠፋ የሚያስቸግር ነው። ሩቢኔቱ በሞተሩ ስበት (ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል) የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ግን ሞተሩ ሳይዞር ቤንዚን አለመፍሰሱ ትክክል ነው፤ ፕራይም የሚል ቦታ ካለው ለዚህ ሙከራና ለመጀመሪያው ማስነሳት በዚያ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ መመለሱን አይርሱ።

አሁን ካርቡራተሩ። ከላይ በአፉ በኩል የነፉት ስፕሬይ ለውጥ ያላመጣው ችግሩ ያለበት ቦታ ስላልደረሰ ነው። የሚኒሞው ጂግለር የሚገኘው ከታች፣ ቤንዚኑ በሚጠራቀምበት ጽዋ ውስጥ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ካርቡራተሩ ሳይወርድና ጽዋው ሳይፈታ በደንብ ማጽዳት አይቻልም። የጽዋው ብሎኖች አናታቸው ለስላሳ ስለሆነ ልካቸው የሆነ ካቻቪቴ ይጠቀሙ፤ እምቢ ካሉም በመታገል ፋንታ ዘይት ነክተው ይጠብቋቸው። ጽዋው ሲከፈት ግድግዳው ላይ ቡናማ ሙጫ፣ ነሐሱ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት፣ ወለሉ ላይ ደቃቅ ዝገት ካገኙ ምርመራው ግማሽ ያህል አልቋል።

የሚኒሞውን ጂግለር ለመፍታት የካቻቪቴው ምላስ ከስንጥቁ ጋር በስፋትም በውፍረትም ልክ መግጠም አለበት። ነሐስ ስለሆነ ስንጥቁ አንዴ ከተሸረፈ ጂግለሩን ከጉድጓዱ ማውጣት ሌላ ጥገና ይሆናል፤ ለዚህ ብቻ ተብሎ ምላሱ የተሞረደ ካቻቪቴ ማዘጋጀት ቢያስፈልግም ዋጋ አለው። ከወጣ በኋላ ወደ ብርሃን ይያዙትና በመሐሉ አሻግረው ይዩ። ቀዳዳው በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ጠርዙ የጠራ፣ ፍጹም ክብ የሆነ የብርሃን ነጥብ ይታያል። ምንም ብርሃን ካላሳለፈ መልሱን አገኙ ማለት ነው፤ ሰዎችን የሚያሳስተው ግን ብርሃን እያሳለፈ ነጥቡ እንደ ጨረቃ ስንጣቂ የጎደለ ወይም ጠርዙ የደበዘዘ ሲሆን ነው። ይህ ግማሹ የተደፈነ ጂግለር ነው፤ ሞተሩንም ልክ እርስዎ እንደገለጹት ያደርገዋል። በጎኑ ያሉትን ደቃቅ ቀዳዳዎችም እንዲሁ ይመልከቷቸው።

ጂግለሩን በካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፈው ያቆዩትና በኮምፕሬሰር አየር ይንፉት። ካልተከፈተ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር አውጥተው በእሷ በቀስታ ያሳልፉበት። የብረት መርፌም ሆነ መሰርሰሪያ አይግባበት፤ የጂግለሮች ልክ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚለያየው በሚሊ ሜትር መቶኛዎች ስለሆነ፣ ዓይን የማያየው ጭረት እንኳ ጂግለሩን ሌላ ጂግለር ያደርገዋል። ከተጠራጠሩ አዲስ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው መግጠም ይሻላል።

የጂግለሩ መጽዳት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው ካርቡራተር ሦስት ጊዜ አጽድቶ ችግሩ ሳይወገድለት የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ጂግለሩ የሚቀዳው ቤንዚን በካርቡራተሩ አካል ውስጥ በተቦረቦሩ መንገዶች አልፎ ነው ወደ ሞተሩ የሚደርሰው። በስፕሬዩ ቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ጂግለሩ ጉድጓድ ሲነፉ ፈሳሹ በሌላ በኩል ሲወጣ በዓይንዎ ማየት አለብዎ፦ በመዝጊያው (እጀታው በሚያንቀሳቅሰው ክዳን) ጠርዝ አጠገብ ባሉት ደቃቅ ቀዳዳዎችና በካርቡራተሩ አፍ ላይ ባለው የሚኒሞ አየር መግቢያ። ከእነዚህ አንዱ ካልረጨ መንገዱ ገና አልተከፈተም። የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ይህን አይሞክሩ፤ ፈሳሹ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ባልጠበቁት ቀዳዳ በኩል ወደ ፊትዎ ነው። ስፕሬይ ከመንፋትዎ በፊትም ኦሪንጎቹን (የጎማ ቀለበቶቹን) እና፣ ካለው፣ የላይኛውን የጎማ ሽፋን ያውጡ፤ የማጽጃው ፈሳሽ ጎማን ያሳብጣል፣ ያበላሻልም።

የድብልቁን ማስተካከያ ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ወደ ውስጥ እያዞሩ እስኪነካ ድረስ ምን ያህል ዙር እንደሄደ ይቁጠሩና ይጻፉት፤ ሲመልሱት በዚያው ይጀምራሉ። ሲነካ አያጥብቁት፤ ሹል ጫፉ ይሰበራል ወይም መቀመጫውን ያሰፋል። ከብሎኑ ጋር ሞላ፣ ትንሽ ሮንዴላና ኦሪንግ በዚሁ ቅደም ተከተል ይገኛሉ፤ ኦሪንጓ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለችና ፈልገው ያውጧት፤ ያለ እሷ ሞተሩ ትርፍ አየር ይስባል። ብሎኑ ከመዝጊያው ወደ ሞተሩ በኩል ካለ ቤንዚንን የሚቆጣጠር ስለሆነ ሲፈታ ድብልቁን ያወፍራል፤ ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ካለ ግን አየርን ስለሚቆጣጠር ሲፈታ ድብልቁን ያቀጥናል። ይህን ሳይለዩ የሚያስተካክሉ ሰዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ሲያዞሩ አያለሁ።

ዋናውን ጂግለርና ከበላዩ ያለውን ባለብዙ ቀዳዳ ቱቦም በዚያው ያጽዱ። ተንሳፋፊውን በጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቋቋ ተሸንቁሯል፤ መርፌውንም ጫፉ ላይ ክብ ጭረት ካለው ይቀይሩት። የተንሳፋፊው ከፍታ የሚለካው ምላሱ የመርፌዋን ሞላ ሳይጫን ነክቶ ብቻ ሲቆም ነው፤ ቁጥሩ ከሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ይወሰዳል። ካርቡራተርዎ በቀጥታ በኬብል የሚነሳ መዝጊያ ካለው፣ መልሰው ሲያስገቡት የተቆረጠው ጎኑ ወደ አየር ማጣሪያው እንዲዞር ያድርጉ፤ ተገልብጦ ከገባ ጎኑ ላይ ያለው ስንጥቅ ከማስቀመጫው ብሎን ጋር አይገናኝም፤ ሞተሩም እንደተነሳ ያለ ልክ ሊጮህ ይችላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የአየር ሽንቁር ነው። በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ያለውን ጎማ አጥፈው ይመልከቱት፤ የደረቀ ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲለቁት ይደበቃል። ኦሪንጉ ወይም ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በቦታው መኖሩን፣ ፋሼታው (የጎማው ማሰሪያ) መጥበቁን፣ የስበት ቀዳዳ ካለም ክዳኑ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከጥገና በኋላ የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው። ሞተሩ ሲነሳ በዚያ አካባቢ ውኃ በጭጋግ መልክ ሲረጩ ድምፁ ከተለወጠ ሽንቁሩን አገኙት። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ወይም ተቀጣጣይ ስፕሬይ ይጠቀማሉ፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ግን ውኃ ይበቃል። የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ሳይገጥሙ አይሞክሩ፤ ከዚያ በፊትም ውስጡን ይዩት፤ ለረጅም ጊዜ በቆመ ሞተር ሳይክል ሣጥኑም ማርሚታውም የአይጥ ጎጆ ሊሆኑ ይችላሉ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሞተሩ በቾክ አንድ ደቂቃ ከሠራ ካንዴላው ይፈነጥቃል። ባትሪው በዕረፍት ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየቱን፣ ከሞተሩ ወደ ሻሲው የሚሄደው ገመድ መታሰሩን ያረጋግጡ። የሞተሩ ውስጥ ስለተነካ ግን የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው) በቀዝቃዛው መለካት አለበት፤ ጠባብ ክፍተት ቫልቩ በሚገባ እንዳይዘጋ ስለሚያደርግ ከተደፈነ ጂግለር ጋር የሚመሳሰል የሚኒሞ ችግር ያመጣል። በዚያው አጋጣሚ ቮላኖው (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ያለው ከባድ ጎማ) ላይ ያለው ምልክት በቦታው ሲቆም በቴስታታው ውስጥ ያለው የላይኛው ጥርስ ምልክትም በቦታው መሆኑን ይዩ፤ የታይሚንግ ካቴናው በአንድ ጥርስ ብቻ ቢሳሳትም ሞተሩ ሊነሳና ደካማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ለማስነሳት ሲዘጋጁ ካንዴላውን ፈትተው ከጉድጓዱ ራቅ አድርገው ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙት፤ ገመዱ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቦቢናውን (የካንዴላውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ጥቅል) ሊጎዳ ይችላል። ማጥፊያውን ዘግተው በእግር ወይም በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) ለጥቂት ሰኮንዶች ደጋግመው ያዙሩትና ዘይት ወደ ቴስታታው መውጣቱን የቫልቭ ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰኮንድ በላይ አይያዙት፤ በመካከሉ ይረፍ። ከዚያ ካንዴላውን መልሰው ገጥመው፣ ከቤት ውጭ፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ስበው፣ ቤንዚን መስጫውን ሳይነኩ ያስነሱት። ቾኩ የራሱ ቧንቧ ያለው ዓይነት ከሆነ የሚሠራው በመዝጊያው ኋላ ባለው ስበት ነው፤ እጀታው ሲከፈት ስበቱ ይወድቃል፤ ቾኩም ያለ ሥራ ይቀራል።

ከተነሳ በኋላ ቾኩን ቀስ በቀስ ይመልሱት፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ያለ ቾክ ሳይጠፋ ከሠራ ጥገናው ተሳክቷል። ሚኒሞውን የሚያስተካክሉት አሁን፣ ሞተሩ በሚገባ ሲሞቅ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጣ ያለ ጭስ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረ ዘይት ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ሰማያዊው ጭስ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ካልጠፋ ግን ፋሻውን ወይም የቫልቭ ላስቲኮቹን ይጠርጥሩ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ አይተዉት፤ ነፋስ አያገኝም፣ አዲሱ ፋሻም ግድግዳውን የሚለምደው በመጠነኛ ጫናና ከፍ ዝቅ በሚል ፍጥነት እንጂ በሚኒሞ አይደለም። ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የቫልቭ ክፍተቱንና የማርሚታውን ዳዶዎች እንደገና ያረጋግጡ፤ ዘይቱንም ከመደበኛው ጊዜ ቀደም ብለው ይቀይሩ። ለመንገድ ከመውጣትዎ በፊት ፍሬኑ ሲለቀቅ ጎማው በነጻ መዞሩን ይዩ፤ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎችም ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮን ጨብጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙት።

ካርቡራተሩ ከጸዳ፣ የአየር ሽንቁር ከሌለና የቫልቭ ክፍተቱ ልክ ከሆነ በኋላም ያለ ቾክ የማይሠራ ከሆነ የመጭመቂያ ግፊቱን ያስለኩ። ሲለካ ቤንዚን መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይያዝ፤ አለዚያ ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል። ቁጥሩ የጥገና መጽሐፉ ከሚለው ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙት፤ በግልጽ ከፍ ካለ የሚያስተላልፈው ፋሻው ነው፤ አዲስ ከመሆኑ የተነሳም ገና ስላልለመደ ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተለወጠ ግን ችግሩ በቫልቮቹ መቀመጫ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን ላይ ስለሆነ ቴስታታው እንደገና መከፈቱ አይቀርም።